ጎመን ቫይታሚን ያስፈልገዋል ወይ?

   

ዛሬ የምንነጋገረው በእርሻ ግብዓት መሸጫው መደርደሪያ ላይ፣ ከዘሩና ከፀረ ተባዩ ጎን ስለሚሰለፈው ጠርሙስ ነው። ፊቱ ላይ ደም የመሰለ ቲማቲም አለ፤ የሰው ራስ የሚያክል ጥቅል ጎመን አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «ቫይታሚንና የዕድገት ሆርሞን የያዘ» ይላል። በከተማችን በመካነ ሰላምም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን የሚያለማ ሰው አንድ ቀን እዚህ ጠርሙስ ፊት መቆሙ አይቀርም። ልግዛው ወይስ ልተወው ይላል። ጎረቤቱ ገዝቶ ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

መልሴን አላቆያችሁም። ቫይታሚኑ ለጓሮ አትክልታችሁ የሚፈይደው ነገር የለም። ሆርሞኑ ይሠራል፤ እንዲያውም ከምትገምቱት በላይ ይሠራል። ጥያቄው የሚሠራው እናንተ የምትፈልጉትን ነው ወይ የሚለው ነው። ይህን ብቻ ሊሰማ የመጣ ካለ አሁን ቢወጣ አልቀየምም። ምክንያቱን የሚፈልግ ግን ይቆይ። እግረ መንገዴን ላሳስብ፤ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቫይታሚን ወደየቤታችን የገባው በጤና ኬላ በኩል ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ አፉ ላይ ይጨመቅለታል፤ ነፍሰ ጡሯም የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይሰጣታል። ጥቅሙን በዓይናችን አይተናል። ልጁን የጠቀመ ነገር ችግኙን ቢጠቅም ምን ይገርማል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሰው አካል አብዛኛዎቹን ቫይታሚኖች ራሱ መሥራት ስለማይችል በምግብ ይቀበላቸዋል። ጎመን ግን ከአፈር ውሃና ማዕድን፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሰማይ ብርሃን ይቀበልና ቫይታሚን ሲን፣ ቢ1ን፣ በሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ቀለምም ጭምር እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ያበጃል። ጤና ባለሙያዋ «ለልጁ ጎመን አብሉት» የምትለው ለዚሁ ነው። ለጎመን ቫይታሚን መስጠት ውሃ ቀድቶ ዓባይ ውስጥ እንደ መድፋት ነው።

ይህ እምነት ግን የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ከ80 ዓመት በፊት ተሰልፈው ገብተውበት ነበር። ታሪኩ ብዙ ስለሚያስተምር ትንሽ ልቆይበት።

በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ካልቴክ በተባለው የምርምር ተቋም፣ ጄምስ ቦነር የሚባል ወጣት ተመራማሪ የአተር ሥር ጫፍ እየቆረጠ ስኳርና ማዕድን ባለበት ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ብቻውን ለማሳደግ ይደክም ነበር። የተቆረጠ ሥር ጥቂት ያድግና ቀጥ ይላል። በ1937 ቦነር ቫይታሚን ቢ1 ጨምሮ ሲያይ ሥሩ ማደጉን ቀጠለ። ግኝቱ እውነተኛ ነው፤ ዛሬም የሚክደው የለም። ሥር ያለ ቢ1 አያድግም።

ነገር ግን ያ ሥር ግንድ የለውም፣ ቅጠልም የለውም። በሙሉ ተክል ላይ ቢ1 የሚሠራው ቅጠሉ ነው፤ ከዚያ በግንዱ በኩል ወደ ሥር ይወርዳል። ጫፉን የቆረጠው ሰው ቀለቡንም አብሮ ቆረጠበት፤ ስለዚህ ከውጭ መቀለብ ግድ ሆነ። ቅጠሉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ የጓሮ ተክል እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። ከብልቃጥ ወደ ጓሮ ሲዘለል የተረሳው ይህ ብቻ ነው፤ ግን ሁሉንም ነገር አበላሸው።

በ1939 መጨረሻ ላይ ቤተር ሆምስ ኤንድ ጋርደንስ የተባለው የአሜሪካ የቤትና የአትክልት መጽሔት ለአንባቢዎቹ ብሥራት ይዞ ወጣ። ቢ1 የጠጣ ጽጌረዳ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን እምቡጥ ያወጣል፤ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ራስ ካለው ተክል የሰላጣ ሰሃን የሚያስንቅ አበባ ይበቅላል ተባለ። ሕዝቡ ተረባርቦ ገዛ። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዳንኤል አርኖን ግን ነገሩን በሙሉ ተክል ላይ ሞክሮ በ1940 ውጤቱን አወጣ፤ ቢ1 የተሰጠውና ያልተሰጠው ተክል ልዩነት አልነበራቸውም። ሌሎችም ሞክረው ያንኑ አገኙ። ቦነር ራሱም ብዙ ሳይቆይ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ጓሮ ላይ እንደማይሠራ ተቀበለ። ሳይንቲስቱ ተመለሰ፤ ሻጩ ግን አልተመለሰም። ቢ1 እስከ ዛሬ ድረስ «ችግኝ ሲነቀል እንዳይደነግጥ» እየተባለ ይሸጣል።

ያው አርኖን ከባልደረባው ከፔሪ ስታውት ጋር በ1939 ያወጣው መመዘኛ አለ፤ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል። አንድ ነገር ለተክል ግድ አስፈላጊ ነው የምንለው እሱ ሲታጣ ተክሉ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር መስጠት ሲያቅተው ነው። በዚህ ሚዛን የተመዘኑትና ያለፉት ንጥረ ነገሮች ዛሬ 17 ናቸው። ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ከአየርና ከውሃ ይመጣሉ። የቀሩት፣ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ጀምሮ እስከ ብረት፣ ዚንክና ቦሮን ድረስ፣ ከአፈር ይመጣሉ። በዝርዝሩ ውስጥ አንድም ቫይታሚን የለም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ቢ1 ቅጠል ላይ ሲረጭ የተክሉን በሽታ መከላከያ ያነቃል፣ ቫይታሚን ሲም ጨው የበዛበት አፈር ላይ ያለን ተክል ያግዛል የሚሉ የቤተ ሙከራ ጥናቶች አሉ። አልንቃቸውም። ግን እነሱም ስለታመመና ስለተጨነቀ ተክል፣ ተለክቶ ስለተሰጠ መጠን የሚናገሩ እንጂ ደኅና ጎመን ያወፍራል የሚሉ አይደሉም። ጊዜው ያለፈበትን የቫይታሚን እንክብል ፈጭቶ አበባ ሥር ስለ መጨመር፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ለጽጌረዳ ይሆናል ስለሚባለውም ነገር ብዙ አልልም። የሰው ሆርሞን ለሰው የተሠራ ነው፤ ጽጌረዳ የምታድግበት ሆርሞን ሌላ ነው። ኪኒኑን ወደ ጤና ጣቢያ መልሱት።

«እንግዲህ ጎረቤቴ ረጭቶ ጎመኑ የጠቆረው ለምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠርሙሱን አዙሩና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ከቫይታሚኑ ጋር ናይትሮጅን፣ ብረትና ዚንክ አለበት። ጎመኑን ያጠቆረው ናይትሮጅኑ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ቫይታሚኑ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጠርሙሱ ላይ «ናይትሮጅን 8 በመቶ» የሚል ካለ፣ 1 ሊትሩ 80 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይዟል ማለት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ያ ሙሉ ሊትር የያዘው ናይትሮጅን ከ200 ግራም በታች በሆነ ዩሪያ ውስጥ ይገኛል፤ ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። የጠርሙሱን ዋጋና የሁለት እፍኝ ዩሪያን ዋጋ እናንተ ታውቁታላችሁ። የቅጠል ርጭት ቦታ የለውም አላልኩም፤ አፈሩ ብረት ወይም ዚንክ ሲነፍግ በቅጠል በኩል ማጉረስ ፈጣን መላ ነው። ግን ያንን የሚሠራው ብረቱና ዚንኩ ነው።

እኔን ማመን ግድ የለባችሁም፤ ሞክሩት። ከአንድ ዘር፣ በአንድ ቀን የተተከለ ጎመን ያለባቸውን ሁለት መደቦች ምረጡ። አፈራቸው አንድ፣ ፀሐያቸው አንድ ይሁን። አንዱ ላይ ጠርሙሱን በተጻፈው ልክ በጥብጣችሁ ርጩ፤ ሌላው ላይ እኩል ውሃ ብቻ ርጩ። «ውሃ ብቻ» የሚለውን አትዝለሉት። ብዙ ሰው የሚያነጻጽረው የረጨውን ካልረጨው ጋር ነው፤ የረጨው ሰው ደግሞ በዚያ ሰበብ ያርማል፣ ይኮተኩታል፣ ያጠጣል። እንክብካቤው የሠራውን ጠርሙሱ ሠራው ይባላል። ሲደርስ ቅጠሉን ቆርጣችሁ በሚዛን መዝኑ፤ በዓይን አትመኑ፣ ዓይን ገንዘብ ላወጣበት ያደላል። የሚቻል ከሆነ ሦስተኛ መደብ ጨምሩና እሱ ላይ የበሰለ ፍግ ብቻ አድርጉበት።

ወደ ሆርሞኑ ልለፍ። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል።

የተክል ሆርሞን ምግብ አይደለም፤ ተክሉ ራሱ ሠርቶ ከአንድ ክፍሉ ወደ ሌላው የሚልከው መልእክት ነው። ጫፉ ለጎኑ «አታቆጥቁጥ» ይላል፤ ሥሩ ለቅጠሉ «ውሃ አልቋል፣ በርህን ዝጋ» ይላል፤ የበሰለው ፍሬ ለጎረቤቱ «ብሰል» ይላል። በ1880 ቻርለስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን የሚያጎነብሰው በጫፉ በኩል በሚመጣ ነገር መሆኑን ጽፈው ነበር። ያንን ነገር በ1920ዎቹ መጨረሻ ፍሪትስ ዌንት የተባለው ሆላንዳዊ ከአጃ ቡቃያ ጫፍ ለይቶ አወጣው፤ ኦክሲን ተባለ። ዌንት በኋላ እዚያው ካልቴክ ገብቶ የቦነር ባልደረባ ሆነ። መልእክት በመሆኑም የሚሠራው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ሲበዛ ይጮኻል፣ ሲጮህ ያበላሻል።

ለምሳሌ ሩቅ አልሄድም። ሆርሞን ረጭቼ አላውቅም የምትሉ አላችሁ። ስንዴ ወይም ጤፍ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ረጭታችኋል። ቱ ፎር ዲ ምንድን ነው? በ1940ዎቹ የተገኘ፣ በፋብሪካ የተሠራ ኦክሲን ነው። ይህ ፀረ አረም የምንለው መድኃኒት በትክክለኛ ስሙ የዕድገት ሆርሞን ነው።

የሚገድለውም በዚሁ በዕድገት ነው። ተክሉ የራሱን ኦክሲን ሲጨርስ ያፈርሰዋል፤ ቱ ፎር ዲን ግን እንደዚያ ቶሎ ማፍረስ አይችልም። ሰፊ ቅጠል ያለው አረም፣ ለምሳሌ መጭ፣ «እደግ፣ እደግ» የሚል የማያባራ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ግንዱ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ የምግብ መተላለፊያው ይታፈናል፣ ይሞታል። ስንዴውና ጤፉ የሣር ዘር ስለሆኑ ይችሉታል። ስናር የሚባለው አረምም የሣር ዘር ነውና ስንዴው መካከል ምንም ሳይሆን ቆሞ ይታያል፤ «መድኃኒቱ ተበላሽቷል» ብሎ የሚያማርር ገበሬ የሚነሳው ከዚህ ነው።

አሁን ይህን ከጓሮ ጋር አያይዙት። ጠዋት ስንዴ ላይ ቱ ፎር ዲ የተረጨበት የጀርባ መርጫ ማታ በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ በርበሬ ላይ ፀረ ተባይ ይረጭበታል። ከጥቂት ቀን በኋላ የበርበሬው ለጋ ቅጠል ይጠባል፤ ደም ሥሮቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ የቲማቲሙ ግንድ እንደ ገመድ ይዞራል። ገበሬው በሽታ ገባ ይላል፤ አንዳንዱም የሚያድን ቫይታሚን ሊገዛ ይሄዳል። በሽታ አይደለም። ከመርጫው ቱቦና ከጎማው ውስጥ የቀረ ጥቂት ሆርሞን ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ቲማቲም፣ በርበሬ ሁሉም ይፈሩታል። ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ የተረጨ ከሆነ ደግሞ መርጫው ሳይነካው የጎረቤት ባቄላ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ለፀረ አረም የተለየ መርጫ ይኑራችሁ፣ በቀለም ምልክት ይደረግበት፣ አትክልት ቦታ አይግባ። ለብቻ መግዛት ካልቻላችሁ ለሁለትና ለሦስት ሆናችሁ ግዙ።

ሆርሞን በጥሩ የሚሠራባቸው ቦታዎች ደግሞ አሉ፤ ሁሉም ግን የተለየ ሥራ ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቁራጭን ሥር ማስያዝ ነው። የአበባ እርሻዎች ከአንድ እናት ተክል ብዙ ቁራጭ ሲያወጡ ጫፉን ኦክሲን ያለበት ዱቄት ያስነኩታል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ኦክሲን ለለጋ ቁራጭ 0.1 በመቶ፣ ለደረቅ እንጨት 0.8 በመቶ አካባቢ ነው። ለጋውን በደረቁ መጠን ከነካችሁት ሥር አያወጣም፤ ይጠቁራል። ደግሞም ጓሯችሁ ውስጥ ያለው ብዙው ዱቄት አይፈልግም። ጽጌረዳ፣ ወይን፣ ግራዋ፣ ወደ ቆላው ሲወርዱ አጥር የሚሆነው ቅንጭብ፣ እርጥብ አፈር ካገኙ ራሳቸው ሥር ይሰዳሉ። በዝናብ መግቢያ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ቁረጡ፤ ሦስት አራት አንጓ ይኑረው፤ ሁለቱን አንጓ ቅበሩ፤ ቅጠሉን አራግፉ፤ ጥላ ስጡት።

ሁለተኛው የቲሹ ካልቸር ቤተ ሙከራ ነው። በባሕር ዳርም በሌሎችም ከተሞች እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሉ፤ ከበሽታ ነጻ የሆነ የሙዝና የድንች ችግኝ በብልቃጥ የሚባዛው በዚህ ዘዴ ነው። እዚያ ውስጥ የቦነር ቢ1 እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። ሙራሺጌና ስኩግ በ1962 ያወጡት፣ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ቀመር በ1 ሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ቢ1 ይጠይቃል። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቅንጣቢ ራሱን መቀለብ ስለማይችል ቫይታሚንም ሆርሞንም ይሰጠዋል። ጠርሙሱ ላይ «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» የሚል ብታነቡ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ላቦራቶሪው ግን ጓሮ አይደለም።

ሦስተኛውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ጌሾ ጫፉ ሲቆረጥ ከጎኑ ያቆጠቁጣል። በሶብላ ጫፉ ሲቀነጠብ ወደ ጎን ይሰፋል። ጫፉ «አታቆጥቁጡ» እያለ የሚልከው ኦክሲን ሲቋረጥ የጎን እምቡጦች ይነሳሉ። በደቡቡ የሀገራችን ክፍል እንሰት የሚያለሙ ገበሬዎች ከዚህም የረቀቀ ሥራ አላቸው። ገና ያልበሰለውን እንሰት ግንዱን ይቆርጡና ከአሚቾው መሐል የዕድገት ጫፉን ቦርቡረው ያወጣሉ፤ አፈርና ፍግ መልሰው ይቀብሩታል። ሳይነካ ቢተው እምብዛም የማይወልደው እንሰት ከዚያ በአሥሮች የሚቆጠር ቡቃያ ያወጣል። የዌንት አያት ሳይወለድ በፊት ይሠራበት የነበረ ጥበብ መሆኑን አልጠራጠርም። ኦክሲንን በቢላዋ ማዘዝ ይሉታል ይህ ነው፤ ማዘዣው ነጻ ነው፣ ጊዜው አያልፍበትም።

ሙዝ ነጋዴዎች አረንጓዴውን ሙዝ ዘግተው በጋዝ ምድጃ ጭስ ሲያበስሉም ሆርሞን ላይ እየሠሩ ነው። ሙቀቱ አይደለም የሚያበስለው፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው። ኤቲሊን ተክልን እንደሚለውጥ በ1901 ያሳየው ኔልዩቦቭ የተባለ የፒተርስበርግ ተማሪ ነበር፤ የላቦራቶሪው መብራት ጋዝ አጠገቡ ያለውን አተር ሲያጣምመው አይቶ። ይህም ለፍሬ ማብሰያ እንጂ ለማሳደጊያ አይሆንም።

እንግዲህ የእኛ ጓሮ የጎደለው ምንድን ነው? ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ፣ ወደ ደንቆሮ ጫካ ሂዱና አፈሩን በእጃችሁ ዝገኑት። አስታው፣ ኮሶው፣ ከላይ ጅብራው ቆሟል፤ ማንም ምንም አልረጨበትም። አፈሩ ጥቁር፣ ቀላል፣ ስፖንጅ የመሰለ ነው። የወደቀው ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል፤ የወሰደውን ይመልሳል። ከጫካው ወጥታችሁ የታረሰው መሬት ላይ ስትቆሙ ነገሩ ሌላ ነው። ገለባው ለከብት ሄዷል፤ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ገብቷል። ማገዶ ስለጠፋ ነው እንጂ ገበሬው የፍግን ጥቅም አጥቶት አይደለም፤ ይህን የሚወቅስ ሰው መጀመሪያ ማገዶ ያምጣ። ኩበት ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ውስጥ ፖታሲየምና ካልሲየም ይቀራል፣ ከፎስፈረሱም ይቀራል። ቤት አጠገብ ያለው ጓሮ ከሩቁ ማሳ ሁልጊዜ የሚሻለው አመዱ፣ የበረት ጥራጊውና የወጥ ቤቱ ውዳቂ እሱ ላይ ስለሚደፋ ነው።

ሌላው ነገር የአፈር ኮምጣጣነት ነው። በሀገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ የሚበልጠው በአሲድ የተጠቃ ነው፤ ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ደግሞ ይብስበታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመታል፤ ሥሩ አጭርና ደንዳና ሆኖ ይቀራል። የጨመራችሁት ፎስፈረስም በአሉሚኒየምና በብረት ተይዞ ይቀራል። ኤንፒኤስ የምንለው ማዳበሪያ 38 በመቶ ፎስፌት (P2O5) አለው፤ ኮምጣጣ አፈር ላይ ግማሹን እንኳ ተክሉ ሳያየው ይታሰራል። «ሥር የሚያበዛ ሆርሞን» ቢፈስበት አሉሚኒየሙ እዚያው ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው። መጠኑ በአፈር ምርመራ ይታወቃል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ጠይቁ። ለጓሮ መደብ አመድም የኖራን ሥራ በመጠኑ ይሠራል፤ ድንች መደብ ላይ ግን አታብዙት፣ ልጣጩን የሚያሻክረው እከክ የሚወደው አመድ የበዛበትን አፈር ነው።

የጎደለውን ቅጠሉ ራሱ ይናገራል። ታችኛው፣ ያረጀው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን ጎድሏል። ላይኛው፣ ለጋው ቅጠል ነጥቶ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት ነው። የበቆሎ ቡቃያ ወይን ጠጅ ቀለም ሲያወጣ ፎስፈረስ ነው፤ ግን እዚህ ከፍታ ላይ፣ በ2,600 ሜትር አካባቢ፣ ብርድም ያንኑ ቀለም ያመጣልና ሙቀቱ እስኪመለስ ታገሡ። ያረጀው ቅጠል ጠርዙ ከተቃጠለ ፖታሲየም ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያጠቆረውን ግን ምንም ጠርሙስ አይመልሰውም። እንዲያውም ውርጭ ሲቃረብ ናይትሮጅን ያበዛ ሰው ለጋ ቅጠል ያበዛል፤ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው እሱን ነው።

በከረጢት ከሚሸጠው ሁሉ እኔ ያለ ጥርጥር የምመሰክርለት አንድ ነገር አለ፤ ለባቄላ፣ ለምስርና ለሽምብራ የሚሆነው ባክቴሪያ። ሕያው ነው፤ ከሥሩ ላይ አንጓ ይሠራና ናይትሮጅንን ከአየር ይይዝለታል። በስኳር ውሃ በረጠበ ዘር ላይ በጥላ ይለወስና ወዲያው ይዘራል። ፀሐይ ያየ ወይም ጊዜው ያለፈ ከረጢት የሞተ ነው። የባቄላው ዓይነት ለሽምብራ አይሆንም፤ ስትገዙ ለየትኛው ሰብል እንደሆነ አስነግሩ። ሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ ሲያብብ አንዱን ነቅላችሁ የሥሩን አንጓ በጥፍራችሁ ሰንጥቁት፤ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የለም።

በወረቀት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን መልሼ መድረኩን ለእናንተ ልልቀቅ። «የዘር ድንቼ አልበቅል እያለኝ የመስኖ ወቅቴ ያልፋል፤ ጅበሬሊን የሚባል ሆርሞን ያበቅለዋል ይላሉ፣ እውነት ነው?» የሚል ነው። እውነት ነው። ጅበሬሊን በ1926 ኩሮሳዋ የተባለ ጃፓናዊ ሩዝን እያስረዘመ ከሚጥል ፈንገስ ያገኘው ሆርሞን ነው፤ ድንችን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፤ የዘር ድንች የሚያባዙ ተቋማትም ይጠቀሙበታል። ትንሽ ከበዛ ግን ቡቃያው ክር የመሰለ፣ ነጭ፣ የሚሰበር ይሆናል። ለእናንተ የሚሻለው ጊዜውን ቀድሞ ማስላት ነው። ዘሩን ለብቻው ለዩ፤ ጨለማ ጎተራ ወይም ጆንያ ውስጥ አታስቀምጡት። ጎኑ ክፍት በሆነ፣ ጣሪያ ባለው ዳስ፣ በእንጨት ቆጥ ላይ በሁለትና በሦስት ድርብ ዘርጉት፤ ቀጥተኛ ፀሐይ አይንካው፣ ብርሃን ግን ይድረሰው። ጉደኔም ሆነ በለጠ የተባለው የድንች ዝርያ እዚያ ላይ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣል፤ ስትተክሉት አይሰበርም። ያ አረንጓዴ የሆነው ድንች ለወጥ አይሆንም፣ መርዝ አለው፤ ልጆች እንዳይወስዱት ንገሯቸው።

ቀጣዩን ጥያቄ በአፍ የሚጠይቅ ካለ እጁን ያውጣ።